በመዝሙር የተፈተነው ሳውንድባር

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ልኮራበት ብዬ ሳይሆን ጥፋቴ በልኩ እንዲታይ ነው። "ድምፅ ሞገድ ነው" እያልኩ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ለገዛ አባቴ ሳውንድባር፣ ያን ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ልገዛ የወጣሁ ቀን ግን ካርቶን አይቼ ገዛሁ።

አባቴ ሞርሲቶ ከተማ አጠገብ ባለው ጓሯችን እንሰት እየተከለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ እያገለገለ ያረጀ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን መኖር የለበትም ብዬ ሆሳዕና እኔ ዘንድ አመጣሁት። አመጣሁት ስል ቀላል ይመስላል እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክረናል፤ በመጨረሻ የረታሁት በክርክር ሳይሆን በለቅሶ ነው። ልጆቼ የአያታቸውን ቋንቋ፣ ሀዲይሳን፣ እየሰሙ ያድጋሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ከመጣ በኋላ ወሬው እያደር እያነሰ ሄደ።

ነገሩ ጆሮው ነበር። እሱ አይናገረውም፣ እኛም አናነሳውም። ሰው ሲስቅ እሱም ይስቃል፣ ትንሽ ዘግይቶ። ሲጠየቅ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፤ ይህ መልስ ደግሞ እኛ ሰፈር ለአብዛኛው ጥያቄ ይበቃል። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ረጋ ብሎ የሚያወራውን ሰው ደህና አድርጎ ይሰማል። ያስቸገሩት ስልክና ቴሌቪዥን ናቸው፣ በተለይ ቀጭኑ ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ። የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥናችን ሌላው ቢቀር ድምፁን ወደ ሰው ነበር የሚያወጣው። የአዲሱ ስፒከር ከኋላው ስለሆነ የሚያወራው ከግድግዳው ጋር ነው።

ይህን ቴሌቪዥን የገዛልን ታናሽ ወንድሜ ነው። እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች በየብስ ተጉዞ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ዛሬ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችው። ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አባቴ በስልክ ስለማይሰማው የሁለቱ ጨዋታ "ደህና ነህ? ደህና ነህ?" ብቻ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ታዲያ ዘዴ አገኘ፤ በየሁለት ሳምንቱ ራሱን ቪዲዮ ይቀርፅና ይልክልኛል፣ እኔ ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ተሰብስበን በቴሌቪዥኑ እናያለን። አባቴ ለዚያ ሰዓት ከኮቱ ጋር ነው የሚቀመጠው። ልጆቼ አንድ ሁለቴ ሊያወልቁለት ሞክረው ገላምጧቸዋል።

አንድ እሁድ ወንድሜ የሱቁ ጣሪያ እንደሚያፈስስና አከራዩ አላድስም እንዳለው ሲያማርር ዋለ። ማታውኑ አባቴ በአጥር በኩል ለጎረቤታችን "ልጄ ሱቁን አሰፍቶታል" ሲል ሰማሁት። አንጀቴን በላኝ። የልጁን ከንፈር እያየ ወሬውን ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ሳውንድባር ፍለጋ ሄድኩ።

ሆሳዕና ውስጥ ስፒከር የሚፈተነው በመዝሙር ነው። በየሰፈሩ ኳየር አለ፣ በየኳየሩም ስለ ቤዝና ስለ ሚክሰር የሚከራከር አይጠፋም። ሰው ስፒከር ሊገዛ ሲመጣ ሻጩ ቤዙ የከበደ መዝሙር ይከፍታል፤ ገዢው እጁን ስፒከሩ ላይ ይጭናል፤ ደረቱ ድረስ ከተንቀጠቀጠለት ገንዘቡን ያወጣል። አባቶቻችንም የቤተ ክርስቲያኑን የመጀመሪያ ድምፅ ማጉያ የገዙት እንዲሁ እየዘመሩበት ነው ይባላል። እኔም ከዚህ ወግ አልወጣሁም።

መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት እውነት ቢሆን ቀበሌያችንን በሙሉ ያበራ ነበር። ስሙ ከአንድ የታወቀ ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ዝም ብዬ አለፍኩት። ተማሪ አንዲት ዜሮ ሲያጎድል ምን እንደማደርግ ትምህርት ቤቱ ያውቃል። ከወንፊቱ ጀርባ አራት ክብ ስፒከሮች ይታያሉ፣ ዙሪያቸውን ሰማያዊ መብራት ይዞራል። ሳነሳው ግን እንደ ባዶ ሳጥን ቀለለኝ። ሻጩ አሁን ቴክኖሎጂው ስላደገ ነው አለኝ፣ እኔም የቀለለ ነገር ሁሉ ያደገ ነው ብዬ ተቀበልኩ። መዝሙሩ ሲከፈት መንገድ ላይ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገኝም።

እቤት ስደርስ ጎረቤቶች መጡ። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ሳይጸለይበት ሥራ አይጀምርም። አተካና ሠራሁ፤ ቡላውን በቅቤና በወተት አብስዬ ሁሉም በልቶ ጠገበ። አባቴ ተነሥቶ ጸለየ፣ ከዚያ ያንኑ መዝሙር ከፈትን። የቡፌው መስታወት ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቶቼ አጨበጨቡ። አባቴም አጨበጨበ፣ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ዘግይቶ። እኔ ግን ያን ቀን የአባቴን ጆሮ የመለስኩለት መስሎኝ በኩራት ስንጎራደድ አመሸሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ወንድሜ ከሌላው ጊዜ የተለየ ቪዲዮ ላከ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ በሱቁ መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጧል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። የዚያው አገር ልጅ የሆነች፣ ከሱቁ አጠገብ ልብስ የምትሰፋ ሴት እንደሚወድ ተናገረ። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው፣ የእኛን ወጥ መሥራት እንደተማረችና ከእሱ ይልቅ እንደሚጣፍጥላት ተናገረ። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀረብ ብሎ፣

"አባባ፣ ያኔ ስሄድ ሳልነግርህ ሄድኩ። ሚስት ግን ሳትመርቀኝ አላገባም" አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የእኔ ጆሮ ጤነኛ ስለሆነ ቃሎቹን ከቤዙ ሥር እየለቃቀምኩ ሰማኋቸው፣ እንባዬም መጣ። አባቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ቪዲዮው ሲያልቅ "ፊቱ ሞልቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ሥርዓት መናገር አለብኝ። እኛ ቤት ልጅ አባቱን ምርቃት የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ነው። አባት እዚያው ላይ አይመልስም፤ ይዞት ይሰነብታል፣ ይጸልይበታል፣ በራሱ ቀን ጠርቶ ይናገራል። እስከዚያ ድረስ "ምን አሰብክ?" ብሎ መወትወት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ደግሞ ጠያቂዋ ሴት ልጅ ስትሆን ይብሳል። አባት ዝም ካለ፣ ዝምታውም ከሰነበተ፣ ያ መልስ ነው። እኔን ለመዳር የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ሳምንት ጠብቀዋል፤ ከእኔ በፊት ለአክስቴ የመጡት ደግሞ እስከ ዛሬም አልተመለሰላቸውም።

በሳምንቱ ወንድሜ ደወለና ምን አለ ሲል ጠየቀኝ። ምንም አላለም አልኩት። በወሩ ደወለ፤ ያው ነው አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ስለ አባቴ ሳይጠይቀኝ ስለ ልጆቼ ብቻ ጠይቆ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ቪዲዮ መላክ ተወ። ፊቴን እያየ እንዴት ላወራው፣ አፍሬአለሁ፣ ብሎ በጽሑፍ ላከልኝ።

እኔ ደግሞ በአባቴ ነደድኩ። ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ስናደድ አልጮኽም፣ ሰሃን ነው የማጮኸው። የዘጠኝ ዓመት ስደተኛ ልጁ ከሰው አገር ሆኖ ሲለምነው በሙሽራዪቱ አገር ምክንያት ዝም አለ ብዬ ደመደምኩ። ስንት ዓመት ከመድረክ ላይ "ሰው ሁሉ አንድ ነው" ሲል ሰምቼዋለሁና ይበልጥ አንገበገበኝ። ምግቡን በሰዓቱ አቀርባለሁ፣ ኮቱን እቦርሻለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። እሱም አልጠየቀኝም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቱን እንደለበሰ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ተነሥቶ ይተኛል። ይህን እያየሁ እንኳ "ይበለው" ያልኩበት ቀን እንዳለ መደበቅ አልችልም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሳውንድባሩ አንዴ እም አለና ዝም አለ። የገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ፤ በቦታው ጫማ ይሸጣል። እያጉረመረምኩ ወደ ገበያው በኩል ወጣሁና አንድ የቆየ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አባቱም እዚሁ ከተማ የነገዱ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ጥግ ላይ የጥገና ጠረጴዛ አለው። ሁለት ልጆቹን ፊዚክስ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ብሎኑን ፈትቶ ክዳኑን ሲከፍት ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ እኔ ያየው።

ከአራቱ ክብ ስፒከሮች ሁለቱ ስፒከር አልነበሩም። ክብ ሆኖ የተቀረጸ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ከኋላቸው ሽቦ እንኳ የለም። የቀሩት ሁለቱ የትንሽ ሬዲዮ ያህላሉ፤ ሰማያዊው መብራት ብቻ በሥነ ሥርዓት ተገጥሟል። ኧረ ቤቱን ያንቀጠቅጥ ነበር አልኩት። የሚያንቀጠቅጠውማ ሳጥኑ ነው፣ ባዶ ጀሪካን ቢመታም ይንቀጠቀጣል አለኝ። ከዚያ ለማን እንደገዛሁት፣ ሰውየውስ ምን እንደሚሰማበት ጠየቀኝ። ለአባቴ ነው፣ ጆሮው ደከም ብሏል፣ ዜናና ስብከት ይከታተላል፣ የወንድሜንም ቪዲዮ ያይበታል አልኩት።

"ታዲያ ቲቸር፣ ለወሬ የሚፈለገውን በመዝሙር ሞክረሽ ገዛሽው?" አለኝ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። ባለሱቁ አልሳቀብኝም፣ ቁጭ በይ ብሎ አስረዳኝ። ርካሹ ሳውንድባር ቤዙን ስለሚያጋንን ዘፈን ሲከፈትበት ሰው ይደነቃል፤ የሰው ንግግር ያለበት መካከለኛው ድምፅ ግን ይዋጣል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው ያንኑ መካከለኛውን ነው። ካርቶን ላይ ያለውን ዋት እንዳላምን፣ አንስቼ ክብደቱን እንዳይ፣ የሰው ወሬ አስከፍቼ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳዳምጥ ነገረኝ። ከሁሉም በላይ ሰሚው ራሱ ይምጣ፣ ሁልጊዜ የሚሰማውንም በፍላሽ ይዛችሁ ኑ አለኝ።

በአባቴ ላይ ያኮረፍኩ ብሆንም ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ለምን እንደምንሄድ ስነግረው ፊቱን አጠቆረ፤ የእኔ ጆሮ ምን ሆነ አለኝ። ዕቃው ነው የተበላሸው፣ ምርጫህን ፈልጌ ነው ብዬ ዋሸሁት። ባለሱቁ ደጅ ድረስ ወጥቶ እጁን ይዞ አስገባውና ፊት ለፊት ወንበር ሰጠው። ሁለት ሦስት ደንበኞች ቆመው ዕቃ ያያሉ። መጀመሪያ በአንድ ከበድ ያለ ሳውንድባር ዜና ከፈተለት፤ ከዚያ ሪሞቱ ላይ ንግግር አጉልቶ የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫነ። አባቴ አንገቱን አቀና። ዜና አንባቢዋ ያለችውን ሐረግ በቀስታ ደገመው፣ ዝናብ በሌሞ ወረዳና በአካባቢው ብላ ነበር።

ባለሱቁ ደስ ብሎት ፍላሹን ሰካ። እኔ የጫንኩትን ስብከት ሊከፍት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ግን መጨረሻ ላይ የተጫነውን ነካ። የወንድሜ ፊት ስክሪኑን ሞላው። በዚያ ንጹሕ ሸሚዝ። አባቴ እምቢ ያለውን ነገር በሰው ፊት ሊያሰማው ነው ብዬ ደነገጥኩና አጥፋው ልል እጄን አነሣሁ፣ ነገር ግን አባቴ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበርና እጄ እዚያው ቀረ።

የወንድሜ ድምፅ ከዚያ ከባድ ሳውንድባር ሲወጣ እኔም አዲስ ነገር ሰማሁ። ለካ ሲያወራ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። አባቴ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አልተንቀሳቀሰም። ራሱን አልነቀነቀም። ቪዲዮው ሲያልቅ በአማርኛ "ድገምልኝ" አለው ባለሱቁን። ተደገመለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሀዲይሳ ጠየቀኝ።

"ይህን መቼ ነው ያለው?"

"ፋሲካ ሊደርስ ሲል።"

መስኮቱን አየ፤ ዝናቡ እየወረደ ነው። ስንት ወር እንደሆነ በልቡ ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የወንድሜ ፊት ቆሞ ቀርቷልና ወደዚያው ስክሪን እጁን ዘረጋ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በተደረደሩት የኤሌክትሪክ ምጣዶችና ማራገቢያዎች መሀል መረቀው። ስልኬን አውጥቼ ቀረፅኩት። ያቺ ልጅ ልጄ ናት አለ። አባቷ ወንድሜ ነው፣ ሳላውቀው ሰላም በሉልኝ አለ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አንዳችሁ የአንዳችሁን ቋንቋ ለልጆቻችሁ አትከልክሉ አለ። ሀዲይሳ የማይሰማው ባለሱቅ ባርኔጣ ሲወልቅ አይቶ ነገሩ ገብቶታል፤ "አሜን" ሲል ደንበኞቹም "አሜን" አሉ። ቀረፃውን እዚያው ለወንድሜ ላክሁት። አዲሱንም ሳውንድባር ገዛሁ፣ ሳነሳው እጄን ከበደኝ።

ስንመለስ ካርቶኑን በሁለታችን ጉልበት ላይ አጋድመን ተቀመጥን። ባጃጇ ጭቃ ውስጥ እየተንገላታች ሄደች። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

"ስታኮርፊኝ የከረምሽው ለዚህ ነው?"

ለዚህ ነው አልኩት። እምቢ ያልክ መስሎኝ ነው አልኩት።

"እኔ ደግሞ ልጄ የረሳኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ወደ እኔ ዞሮም፣ "እኔ ዝም ያልኩት ስላልሰማሁ ነው። አንቺ ሰምተሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?"

ነውር ነው ብዬ ነው ልለው አሰብኩ። ሥርዓታችን ነው፣ አንተው ነህ ያስተማርከን፣ ልለው አሰብኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ አባቴን ምን ያህል ሰማህ ብሎ መጠየቅ ማለት ማርጀቱን ፊት ለፊት ማየት ነበርና እሱን ከማየት መቆጣት ቀሎኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ጆሮው አጠገብ፣ ረጋ ብዬ፣ በደንብ እንዲሰማ። እጁን እጄ ላይ አደረገ፣ ሾፌሩንም ቀስ በል፣ ዕቃ ይዘናል አለው።

እቤት ገብተን ሳውንድባሩን ገጠምኩት። ባለሱቁ ስልክን ከሳውንድባሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ ቀጭን ገመድ መርቆልኝ ነበር፣ እሱንም ሰካሁት። ልጆቼ በምን መዝሙር ልንሞክረው ነው ሲሉኝ ተቆጥቼ ዝም አሰኘኋቸው። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ወንድሜ ነው። አነሳሁና የገመዱን ጫፍ ሰክቼ ስልኩን አባቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ልጄ፣ ደህና ነህ?" አለ አባቴ።

መልስ የለም።

"ምርቃቴ ደረሰህ?"

አሁንም መልስ የለም። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሳውንድባሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ አፉን ሞልቶ "አልሰማሁም እኮ" አለኝ። "ይሄም ተበላሸ እንዴ?"

"አልተበላሸም አባባ" አልኩት። "እያለቀሰ ነው።"

ድምፁን ልቀንሰው፣ ወንድሜም ይረጋጋ ብዬ ሪሞቱን ሳነሳ አባቴ እጄን ያዘኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያው ቆየ።

"ተይው፣ አትንኪው" አለኝ። "እየሰማሁት ነው።"